አደራ በልቼ ነበር

ይህን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። መጻፍ የፈለግኩት ስለ ቤዛነት ነው፤ ክርስቶስ ዋጋ ከፍሎ ገዛን፣ መለሰን፣ አደሰን ስለምንለው እውነት። ግን የራሴን ጉድ ደብቄ ስጽፈው ቃሉ ሁሉ ከአፍ ብቻ የወጣ ይሆንብኛል። ስለዚህ ከጉዱ ልጀምር።

አደራ በልቼ ነበር።

አብሮ አደግ ጓደኛዬ ሩቅ ቦታ ይሠራ ስለነበር የታናሽ እህቱን የትምህርት ክፍያ የሚያደርሰው በእኔ በኩል ነበር። ሁለት ጊዜ ሳላዛባ አደረስኩ። በሦስተኛው እኔው ዕዳ ውስጥ ገብቼ ነበርና "ለሁለት ሳምንት ብቻ" ብዬ ነካሁት። ሁለት ሳምንቱ ወር ሆነ። ወሩ ሦስት ወር ሆነ። እሷ ስትደውል "እየጨረስኩ ነው፣ ትንሽ ታገሺ" እላለሁ፤ እሱ ሲደውል "ተከፍሏል፣ አታስብ" እላለሁ፤ በዚህ መሀል ልጅቷ ከክፍል ወጣች፣ ጓደኞቿ ሲማሩ አንድ ሙሉ ዓመት ቤት ተቀመጠች። ነገሩ የወጣው እሱ ለእረፍት መጥቶ በትምህርት ሰዓት ቤት ሲያገኛት ነው። ያን ቀን እንዴት እንዳየኝ እስካሁን አልረሳውም። አልሰደበኝም። "አንተ?" ብቻ አለ።

ገንዘቡን ከፋፍዬ መለስኩ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። እሱም ይቅር አለኝ፣ ከልቡ እንደሆነ አውቃለሁ። በእግዚአብሔር ፊት በእውነት የተንበረከክኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ያደግኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ መዝሙሩንም ጥቅሱንም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ "ማረኝ" የሚለው ቃል ግን ከሆዴ የወጣው ያኔ ነው። ይቅር እንደተባልኩም አመንኩ። እዚህ ድረስ ያለውን ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ።

ያልተናገርኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ለሰባት ዓመታት እንደ ተቀጣሪ ኖርኩ። ወንበር የምደረድረው እኔ፣ መጨረሻ ላይ በሩን የምዘጋው እኔ፣ የታመመ ካለ ቀድሜ የምደርሰው እኔ። ሰዎች ትጋት ይሉት ነበር። እኔ ግን ውስጤን አውቀዋለሁ፤ እየከፈልኩ ነበር። አንድ ሳምንት ከቀረሁ ደግሞ ዕዳ እንደሚጠራቀምብኝ ይሰማኝ ነበር። ገንዘብ ነክ ኃላፊነት ሲመጣ እሸሻለሁ። የጓደኛዬን እህት ከሩቅ ካየኋት መንገድ እቀይራለሁ።

አንድ ቀን ወንበር ስደረድር ከእኛ ጉባኤ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ቆሙና "ልጄ፣ ዕዳህ ስንት ቀረ?" አሉኝ።

"የምን ዕዳ አባቴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። አሠራርህ የሚከፍል ሰው አሠራር ነው።" ከዚያ ቤቴ ገብቼ ሉቃስ 15ን እንዳነብ፣ የጠፋው ልጅ ሊናገር ያሰበውንና አባቱ ፊት የተናገረውን ጎን ለጎን እንዳስተያይ ነግረውኝ ሄዱ።

ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ግን አስተያይቼው አላውቅም ነበር። ልጁ እሪያ ሲጠብቅ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ንግግሩን ያዘጋጃል። "አባቴ ሆይ፣ በሰማይና በፊትህ በደልሁ፤ ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ" ሊል ነው ሐሳቡ። ሦስት ነገር አለ እዚህ ውስጥ፤ ኑዛዜ፣ አይገባኝም፣ ቅጠረኝ። አባቱ ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጦ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ልጁም ጀመረ። በደልሁ፣ አለ። አይገባኝም፣ አለ። ሦስተኛውን ግን በመጽሐፋችን 21ኛው ቁጥር ላይ ፈልጉት፣ የለም። አባትየው ወደ ባሪያዎቹ ዞሮ ልብስ አምጡ፣ ቀለበት ለጣቱ፣ ጫማ ለእግሩ እያለ ነው።

ኑዛዜው ተሰማ። የሥራ ማመልከቻው ግን ቦታ አላገኘም።

ያን ምሽት መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ለሰባት ዓመት አባቴ ያልሰማልኝን ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ይዤ ነበርኮ የምኖረው። ቅጠረኝ፣ ቅጠረኝ፣ ቅጠረኝ። ቀለበቱም አለ። ዮሴፍን በግብጽ ላይ ሲሾመው ፈርዖን ያደረገለት ቀለበት ነበር፤ ቀለበት ሥልጣን ነው፣ ባለቤቱን ወክሎ ማዘዝ ነው። ያባቱን ሀብት በትኖ ለመጣ ልጅ ያን ነው ያጠለቁለት። አደራ ለበላ ሰው አደራ ሰጡት ማለት ነው።

እስቲ ወደ ቃሉ ራሱ ልመለስ፤ ቤዛ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው መስቀሉን ስለምናይ፣ ማየታችንም ልክ ነው፣ ቃሉ እስከ መስቀሉ ድረስ የመጣበትን መንገድ እንረሳዋለን። ዘሌዋውያን 25ን ያየ ሰው ያውቀዋል። አንድ እስራኤላዊ ደህይቶ ርስቱን ቢሸጥ የቅርብ ዘመዱ መጥቶ ይቤዥለታል። ከዚያም ብሶበት ራሱን ለባዕድ ቢሸጥ ወንድሙ ወይም አጎቱ ወይም የአጎቱ ልጅ ከፍሎ ያወጣዋል። ዘመድ የሌለው የተሸጠ ሰው ነጻ የሚወጣበትን፣ ርስትም የሚመለስበትን 50ኛውን ዓመት፣ ኢዮቤልዩን ይጠብቃል። የሚቤዠውን ዘመድ በዕብራይስጥ ጎኤል ይሉታል። ልቤን የሚነካው የሚከፍለው ሰው ዘመድ መሆኑ ነው። አንድ ሀብታም መንገደኛ አዝኖ የሚወረውረው ምጽዋት አይደለም። ሥጋህ የሆነ፣ ውርደትህ ውርደቱ የሆነ ሰው ነው የሚመጣው። ቃል ሥጋ ሆነ ስንል እንግዲህ ይህንንም እያልን ነው፤ የዕብራውያን መልእክት ልጆቹ በሥጋና በደም ስለሚካፈሉ እሱም በዚያው ተካፈለ ይላል። ዘመድ ሆነልን።

የሩት ታሪክ ውስጥ ደግሞ ከቦዔዝ የሚቀርብ ሌላ ዘመድ አለ። መሬቱን ልቤዥ ብሎ ነበር፤ ሞዓባዊቷን መበለት ሩትንም ማግባት እንዳለበት ሲሰማ ግን "የራሴን ርስት እንዳላበላሽ" ብሎ ተወው። ጫማውን አውልቆ ሰጠ፣ ሄደ። ስሙ አልተጻፈም። ርስቱን የጠበቀው ሰው ስሙ ሳይታወቅ ቀረ፤ ርስቱን ለሞዓባዊቷ ሴት ያጋለጠው ቦዔዝ ማቴዎስ 1 ላይ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ አለ። መቤዠት የሚከፍለውን ሰው ያስከፍለዋል፤ ያለዚያ መቤዠት አይባልም። ነቢዩ ሆሴዕም ከድታው የሄደችውን ሚስቱን በ15 ጥሬ ብርና በገብስ ነው የገዛት። የራሱን ሚስት።

"ታዲያ ለማን ተከፈለ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል ሁልጊዜ። በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንኳን ይህን ጠይቆ፣ ለዲያብሎስ ተከፈለ የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ ተቃውሟል። ቤዛ ከእግዚአብሔር ዘንድ የመጣ ነው፣ ቀማኛ ዋጋ አይቀበልም። እኔ ከዚያ በላይ አልገፋውም። ጴጥሮስ በመልእክቱ በሚያልፍ ነገር፣ በብር ወይም በወርቅ ሳይሆን በክቡር ደም ተዋጃችሁ ሲል የሚያቆመው ዋጋው ላይ ነው፣ እኔም እዚያው ልቁም።

ሮሜ 3፥24 ላይ ግን አንድ ቃል አለ፣ አልፌው መሄድ አልችልም። በክርስቶስ በሆነው ቤዛነት በኩል "እንዲያው" በጸጋው ይጸድቃሉ ይላል። እንዲያው! ምን ዓይነት ቃል ነው። "ለምን መጣህ?" ሲሉህ "እንዲያው" ትላለህ፤ ምክንያት የለኝም ማለት ነው፣ የሚያስገድደኝ የለም፣ የሚከፈለኝ የለም። በግሪኩ ያለው ቃል ዮሐንስ 15፥25 ላይም አለ፤ ጌታ "በከንቱ ጠሉኝ" ያለበት ነው። ያው አንድ ቃል ነው። ሰዎች እሱን ለመጥላት ምክንያት አልነበራቸውም፣ እሱም እኛን ለማጽደቅ በእኛ ውስጥ ምክንያት አላገኘም። በከንቱ ተጠላ፣ እንዲያው አጸደቀን። እኔ ለሰባት ዓመት ወንበር የደረደርኩት ለዚህ "እንዲያው" ምክንያት ልፈልግለት ነው።

እምነት የሚባለውም እዚህ ጋ ነው ግልጽ የሆነልኝ። እምነት ከፍያለሁ ብሎ ማሰብ አይደለም፣ ስሜት ማሞቅም አይደለም። ልብሱን ሲያለብሱህ እጅህን ማንሳት ነው። ቀላል ይመስላል። እንደ እኔ ዓይነት ሰው ግን ከመሥራት ይልቅ መልበስ ይከብደዋል።

ይህን ስል ግን ተከፍሏል ብለህ የሰው ገንዘብ ይዘህ ቁጭ በል ማለቴ አይደለም። ዘኬዎስን እዩት። ለእያንዳንዱ የበደልሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ አራት እጥፍ በሙሴ ሕግ በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው የሚከፍለው ነው። ራሱ ላይ የሌባ ፍርድ ፈረደ። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። "ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል" የተባለው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ነው፤ አንድ ሳንቲም ሳይመልስ። መመለሱ የመጣው በቤቱ ካለው እንግዳ የተነሳ ነው። እኔም ገንዘቡን መመለሴ ትክክል ነበር፣ አሁንም ትክክል ነው። የተሳሳትኩት እሱን ከጨረስኩ በኋላ ሌላ ክፍያ መጀመሬ ነው፣ ማንም ያልጠየቀኝን፣ ማለቂያ የሌለውን።

አሁን ጴጥሮስ። ስለሱ ሳልጽፍ ይህን ጽሑፍ ብዘጋው ይቆጨኛል።

ጴጥሮስ የካደው እሳት ዳር ነው። ብርድ ነበር፣ ሎሌዎቹ ፍም አንድደው ይሞቁ ነበር፣ እሱም አብሯቸው ቆሞ ይሞቃል። ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ። ዶሮ ጮኸ፣ ጌታም ዘወር ብሎ አየው ይላል ሉቃስ። (ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ "አንተ?" ይሰማኛል።) ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ከትንሣኤ በኋላ ደግሞ ዮሐንስ 21 ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይዙ አድረው ከዚያ 153 ትልልቅ ዓሣ ባወጡበት ጠዋት፣ ወደ ዳር ሲወጡ የፍም እሳት ተቀጣጥሎ አዩ። ዮሐንስ በግሪኩ ለሁለቱም እሳት የተጠቀመው ቃል አንድ ነው፤ በአዲስ ኪዳን ውስጥም ቃሉ ያለው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ጌታ ያንን እሳት ራሱ አንድዶ ጠበቀው። የፍሙ ሽታ ራሱ ጴጥሮስን የት እንደሚወስደው አስቡት።

እኔ ብሆን ያን ነገር አላነሳበትም ነበር። ያለፈ አለፈ፣ ቁርስ ብላ እለው ነበር። ጌታም መጀመሪያ አበላው፤ ከበሉ በኋላ ነው የጠየቀው። ግን ጠየቀው። በአሮጌ ስሙ፣ ስምዖን የዮና ልጅ ብሎ፣ ትወደኛለህን አለው። አንዴ አይደለም። ሦስት ጊዜ፣ ልክ እንደ ክህደቱ ቁጥር። በሦስተኛው ጴጥሮስ አዘነ ይላል። ቁስሉ ተነክቷላ። የሚድን ቁስል እንደዚህ ነው፤ ከላይ ሸፍነኸው ውስጡ እየመገለ አይድንም።

በእያንዳንዱ መልስ ላይ ምን እንዳለውም እዩ። እሺ ይቅር ብያለሁ፣ ሂድ አላለውም። ግልገሎቼን አሰማራ። ጠቦቶቼን ጠብቅ። በጎቼን አሰማራ። የሞተላቸውን፣ በደሙ የገዛቸውን ሰዎች፣ ካለው ሁሉ የሚወደውን ነገር፣ ሦስት ጊዜ አላውቀውም ላለው ሰው አደራ አለው። እኔ ለብዙ ዓመት መመለስ ማለት ቅጣት መቅረት ይመስለኝ ነበር። ቅጣት መቅረት ምሕረት ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። መመለስ ግን ከዚያ ያልፋል፤ ያጎደልክበት ቦታ ላይ እንደገና መታመን ነው።

የጥንቱ የእስክንድርያ ጳጳስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው ውስጥ አንድ ምሳሌ አለው። በሰሌዳ ላይ የተሣለ የሰው መልክ በእድፍ ቢበላሽ ሰሌዳው አይጣልም፤ መልኩ የተሣለለት ሰው እንደገና መጥቶ ይቀመጣል፣ በዚያው እንጨት ላይ መልኩ ይታደሳል ይላል። በዚያው እንጨት ላይ። እግዚአብሔር እኔን ጥሎ ሌላ ሰው አልፈጠረም። ያ አደራ የበላ እጅ ነው የሚታደሰው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፣ በዚህ ነገር ሰው ሲጎዳ ስላየሁ። የመጀመሪያው፣ የተበደለን ሰው "ክርስቲያን አይደለህ? እንደ በፊቱ እመነው እንጂ" ብሎ ማስጨነቅ ግፍ ነው። ይቅርታ ዛሬ ሊሰጥ ይችላል፤ መታመን ጊዜ ይፈልጋል፣ ፍሬ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም በዚህ ምድር ላይመለስ ይችላል። ሰውን ከሚጎዳ ሰው መራቅ ይቅር አለማለት አይደለም። ዳዊት ይቅር ተብሎም የበደሉ መዘዝ ቤቱ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በየጉባኤያችን ደጃፍ የወደቁ ሰዎች አሉ፣ ንስሐ የገቡ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ ለዓመታት ማንም "ና" የማይላቸው። ገላትያ 6፥1 እንደዚህ ያለውን ሰው በየውሃት መንፈስ አቅኑት ይላል። "አቅኑት" የተባለበት የግሪኩ ግሥ ያዕቆብና ዮሐንስ መረባቸውን ሲያበጁ የተባለበት ያው ግሥ ነው። የተቀደደ መረብ የሚያበጀው ዓሣ አጥማጅ መረቡ ላይ አይጮህም። ጭኑ ላይ ያደርገዋል፣ ቀዳዳውን በጣቱ ይፈልጋል፣ ክር በክር ያያይዘዋል። ቀን ይፈጃል። የሚያበጀውም እንደገና ባሕር ውስጥ ሊጥለው ነው፣ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው አይደለም። የእኛ ጥድፊያ ወይም የተቀደደውን መረብ ቶሎ ጥሎ መተው ነው ወይም ሳያበጁ ወደ ውኃ መክተት፤ ሁለቱም ዓሣ አያስይዝም።

የቀረኝ የዓመቱ ነገር ነው።

ገንዘብ ይመለሳል። ዓመት ግን እንዴት ይመለሳል? ያቺ ልጅ ቤት የተቀመጠችበትን ዓመት ከየት አምጥቼ እሰጣታለሁ? ኢዩኤል 2፥25 ላይ "አንበጣና ደጎብያ ኩብኩባና ተምች የበላቸውን ዓመታት እመልስላችኋለሁ" የሚል አለ። ብዙ ሰው ይወደዋል ይህን ጥቅስ። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ ማንበብ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ አንበጣው እኔ ነበርኩ። ለተበላበት ሰው የተሰጠ ተስፋ ነው፤ የበላው ሰው ምን ብሎ ያንብበው? ቆይቼ ነው የገባኝ፤ "እመልሳለሁ" የሚለው እግዚአብሔር እንጂ አንበጣው አይደለም። የእኔ ድርሻ እውነቱን መናገር ነበር፣ ለወንድሟ ብቻ ሳይሆን ለእሷ። ይቅርታ የጠየቅኩት እሱን ነበርኮ፤ ገንዘቡ የእሱ ስለነበረ። ዓመቱ ግን የእሷ ነበር።

ሄድኩ። ሽማግሌው አብረውኝ እንዲሄዱ ለምኜ "ይህን ብቻህን ሂድ" አሉኝ። በር ላይ ስታየኝ ደነገጠች፣ አስገባችኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፣ ጠፋብኝ። "ዋሽቼሻለሁ፤ ዓመትሽን በልቼብሻለሁ፤ መመለስ አልችልም፤ ይቅር በይኝ" አልኩ፣ እንዲያው ተንተባተብኩ። ዝም አለች። ከዚያ ያን ዓመት እንዴት እንዳሳለፈችው ነገረችኝ፣ አንድ በአንድ፣ ሳታለሳልስ። ጓደኞቿ ሲያልፉ መስኮቱን እንደምትዘጋ ነገረችኝ። ሰማሁ። ላቋርጣት፣ ላስረዳት፣ ዕዳዬን ላነሳ አልሞከርኩም። ስትጨርስ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። "ይቅር ብያለሁ" ያለችኝ ያን ቀን አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ በስልክ ነው።

ከዚያ በኋላ በመንገድ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አልጠበቅኩም። ባለፈው ሳምንት ግን ደወለችልኝ። እኔ ወንድሟ ወዳለበት ለሥራ እንደምሄድ ሰምታለች። መጣች። ቦርሳዋን ከፍታ የታሸገ ፖስታ አወጣች፤ ለወንድሟ ልጅ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ የሚሆን ገንዘብ ነው። ባንክ እያለ፣ በስልክ መላክ እየተቻለ፣ ለምን በእኔ እጅ እንደፈለገች አልጠየቅኳትም። እሷም አላብራራችም። ፖስታውን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ "አደራ" አለችኝ።